ከድሮው ዳቦ ቤት ጀርባ

ዱዋላ ከተማ፣ ቤፓንዳ ሰፈር ውስጥ የሌኦካዲን ቢሮ ማግኘት ቀላል ነው፤ ዳቦ ቤቱን ማወቅ ብቻ ይበቃል። ችግሩ ዳቦ ቤቱ የለም። ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! በቦታው መጀመሪያ ስልክ መሸጫ ተከፈተ፣ ከዚያ የሠርግ ልብስ ማከራያ፣ አሁን ደግሞ ፍራሽ ይሸጥበታል፤ የእሷ ቢሮ ከሱቁ በላይ ፎቁ ላይ ነው፣ ደረጃው በጀርባ በኩል። ሰዉ ግን ዛሬም «ከአንሲየን ዳቦ ቤት ጀርባ» ነው የሚለው። አንሲየን ማለት የድሮው ማለት ነው፤ ዱዋላ ላይ ከዚህ ቃል ውጭ አድራሻ የሚባል ነገር የለም። አንሲየን ሲኒማ፣ አንሲየን ነዳጅ ማደያ፣ አንሲየን የእገሌ ቡና ቤት፤ ከዚያ ተነስተህ ወደ ግራ፣ ከዚያ ሁለተኛው የመብራት ምሰሶ ጋ። ማዘጋጃ ቤቱ ለመንገዶቹ ቁጥር ሰጥቻለሁ ይላል። ይስጥ።

ሌኦካዲ ንጎ ምቦክ ሃምሳን ልትደፍን ትንሽ የቀራት፣ ደንደን ያለች፣ ሳቋ ከፎቅ ወርዶ መንገድ የሚሻገር ሴት ናት። ሁለት ልጆቿን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። ሰፈሩ «ታታ ሌዮ» ይላታል፤ ታታ አክስት ነው። ሥራዋን ግን በቅጡ የሚያውቅ የለም። ከታች ያለው ፍራሽ ሻጭ ኮምፒውተር ጠጋኝ ትመስለዋለች፤ የተበላሸ ቴሌቪዥን ሁለቴ አምጥቶላታል። ሁለቱንም ሠርታ ሰጥታዋለች፤ ምን ታድርግ።

እውነተኛ ሥራዋ ባሕር ላይ ነው ያለው። ከዩፕዌ የዓሣ ወደብ የሚወጡት ባለሞተር ታንኳዎች እያንዳንዳቸው አንዲት ግራጫ ሣጥን ይታሰርባቸዋል። ሞተሩ ሲሞት ወይ ታንኳው ሊገለበጥ ሲል ዓሣ አጥማጁ ቀዩን ቁልፍ ይጫናል፤ ሣጥኗ በሬዲዮ ወደ ነፍስ አድን ጣቢያው ትጣራለች። ሣጥኗ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለች፤ በኮምፒውተሯ ውስጥ ደግሞ ከርነል የሚባለው ሁሉን የሚያዘው ክፍል። ከርነሉን ከሬዲዮው ጋር የሚያነጋግረውን ኮድ የምትጠብቀው ሌኦካዲ ናት።

ከርነል ምንድነው ለሚላት ሰው «ጓዳ ነው» ትላለች። ፕሮግራሞች እንግዶች ናቸው፤ ሳሎን ይቀመጣሉ። የሚፈልጉትን ይጠይቃሉ፣ ጓዳው ያቀርብላቸዋል። ጓዳ ዘው ብሎ መግባት ግን ነውር ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ በዚያችው ሣጥን ላይ ያገኙትን ሁሉ ይጭናሉ፤ የዓሣ ዋጋ የሚነግር፣ ማዕበል የሚተነብይ፣ ዘፈን የሚያጫውት። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፕሮግራም ሳሎን ተቀምጦ ቢዘፍን ግድ የለም። ጓዳ ከገባ ግን ቀዩ ቁልፍ ሲጫኑት ዝም እንዲል ሊያደርገው ይችላል፤ ሰውየው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያድነው ጀልባ ይጠብቃል፣ ጣቢያው ደግሞ ምንም አልሰማም።

ለዚህ ነው ሣጥኗ በተነሳች ቁጥር ከርነሉ ቦታ የሚቀይረው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። ሌባ ፕሮግራም ጓዳው የት እንዳለ ካላወቀ የሚገባበት ይጠፋዋል። አንድ ነገር ግን አይቀየርም፤ ጓዳው ሲዛወር ዕቃው ሁሉ እንዳለ ነው የሚዛወረው። ድስቱ ከምድጃው፣ ምድጃው ከበሩ ያለው ርቀት ያው ነው። ስለዚህ ሌባው የአንዷን ማንኪያ ቦታ ካወቀ የሁሉንም አወቀ። ከርነል የሚሠሩ ሰዎች አንዲት አድራሻ እንኳ ወደ ሳሎን እንዳታመልጥ ዕድሜ ልካቸውን የሚጨነቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማሯት ቶንቶን ኤዩም ናቸው። ቶንቶን አጎት ማለት ነው፤ የሥጋ አጎቷ ግን አልነበሩም። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሬዲዮ ጥገና ሲያስተምሩ ከክፍሉ ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች፤ ወንዶቹ «ብረት ያቃጥልሻል» እያሉ ሲያፌዙባት እሳቸው መበየጃውን እጇ ላይ ትተውላት ሄዱ። ቁጡ ነበሩ። ቆንጆ የተበየደ ነገር ሲያዩ ደግሞ ሕፃን ይሆናሉ። ችግር ይዞ ለመጣ ሁሉ አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው፦ «እሺ፣ ከየት ተነስተን?» ተማሪው ከየት እንደሚነሳ ካላወቀ አያዳምጡትም።

ከዓመታት በኋላ የሣጥኗን ኮድ አብረው ጻፉት፤ ዋናውን እሳቸው፣ ቀሪውን እሷ። ከብዙ ክርክር በኋላ ኮዱ ዓለም ሁሉ በጋራ የሚጠብቀው ትልቁ ከርነል ውስጥ ገባ። ያን ቀን ኤዩም ጠረጴዛ እየደበደቡ ጨፈሩ፤ የፍራሽ ሻጩ ጣሪያ አቧራ አራገፈ። ከሁለት ክረምት በፊት ግን ልባቸው ድንገት ቀጥ አለች። ኮዱ ራስጌ ላይ ስማቸው እንዳለ አለ። ሌኦካዲ ፋይሉን በከፈተች ቁጥር መጀመሪያ እሱን ታያለች፤ አንዳንድ ቀን «እንደምን አደሩ» ትለዋለች፤ ቢሮ የሚጋራት በርቲን ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በዝናብ ወቅት ነው። ዱዋላ ላይ ዝናብ ሲባል ቀልድ የለውም፤ ሰማዩ ተቀዶ ነው የሚወርደው። መልእክቱ የመጣው ከሃልቮር ነበር። ሃልቮር ኖርዌይ ነው የሚኖረው፤ በትልቁ ከርነል ውስጥ የሬዲዮዎችን ክፍል የሚጠብቀው እሱ ነው። በአካል አይታው አታውቅም፤ ግን ለዓመታት ኮዷን ሲያርም፣ ሲመልስ፣ ሲቀበል ኖሯል። ቃል ቆጣቢ ሰው ነው። «ጥሩ ነው» ብሎ ከጻፈ በርቲን ኬክ ይገዛል።

በዚህ ጊዜ ግን ረጅም ጽፎ ነበር። አንድ ስሙን የደበቀ ሰው መጥቶ እንዲህ አለው፦ ማሽንህን አስነሳ፤ ማንም ተራ ፕሮግራም ሊያነበው የሚችለውን ነገር ሁሉ ላክልኝ፤ ከርነልህ የት እንደተቀመጠ እነግርሃለሁ። ሃልቮር ላከለት። ሰውየው ቦታውን ነገረው፤ ልክ ነበር። ሃልቮር የእነሌኦካዲን የሬዲዮ ኮድ አውጥቶ እንደገና ሞከረው፤ ያኔ ሰውየው አልቻለም። ስለዚህ ቀዳዳው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የቱ ጋ ሲባል ግን ወይ ፍንክች፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚገዙ አሉና ለእነሱ ሊያቆየው ነው። ሃልቮር አዝኖ ጨረሰ፤ አዲሱ እትም ከመውጣቱ በፊት ቀዳዳው ካልተገኘ ኮዱን ከከርነሉ ለማውጣት እገደዳለሁ አለ።

ወጣ ማለት ሣጥኖቹ ከእንግዲህ አዲስ ከርነል አያገኙም ማለት ነው። የወደቡ ሹሞች ደግሞ ያረጀ ከርነል የያዘ ሣጥን ታንኳ ላይ እንዲታሰር አይፈቅዱም፤ አጥማጆቹ እንደ ድሮው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። ከእነሱ አንዱ ኤክዋላ ነው፤ የኤዩም የመጨረሻ ልጅ። አባቱ ያን ሁሉ ዓመት የደከሙት ይህ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ባሕር ስለመረጠ ነበር እንጂ ለሌላ አይደለም። ሌኦካዲ ሌላውን ሁሉ ትችለዋለች፤ ኤክዋላ ያለ ሣጥን ሲወጣ ቆሞ ማየት ግን አትችልም።

ፍለጋ ጀመሩ። ከርነሉ ራሱ ድሮ ብልህ ሆኗል፤ አድራሻ ጻፍ ሲሉት በእውነተኛው ፋንታ የተምታታ ቁጥር ነው የሚጽፈው። ሆን ብለው እውነተኛውን ጻፍ ካላሉት በቀር አያወጣም። እንደዚያ የሚል አንድ መስመር አገኙ፤ ጸሐፊው በርቲን ነበር። አንድ ቀን ስህተት ሲያሳድድ አስገብቶ፣ ከዚያ ረስቶታል። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሌኦካዲ ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች፣ መስመሩን አወጡ፣ ለሃልቮር ላኩ። ማግስቱን መልስ መጣ፤ ሰውየው አሁንም ያገኘዋል።

ከዚያ በኋላ ሳቁ ጠፋ። መስመር በመስመር አነበቡት። አድራሻ የሚጽፍ አንድም ቦታ የለም። ኮዱ ለፕሮግራሞች የሚያቀርባት አጭር መግለጫ አለች፤ እሷንም አገላበጧት። ሬዲዮው በርቷል ወይስ ጠፍቷል፣ ባትሪው ስንት ቀረው፣ የመጨረሻው ጥሪ ቁጥር ስንት ነው። ይህች የመጨረሻዋ ረድፍ ስሟ «አንሲየን» ነው። ሌኦካዲ ሁልጊዜ «የቀድሞው ጥሪ» ብላ ነበር የምታነባት። አጥማጆቹ ከጣቢያው ጋር ሲነጋገሩ ይህንን ቁጥር ይጠራሉ፤ አጭር ነው፣ መልኩም ከአድራሻ ጋር አይገናኝም። በርቲን «ይሄስ?» ሲላት፣ ያለቀ ጥሪ ቁጥር ነው፣ የተመዘገበበት ሰንጠረዥም ተዘግቷል፣ የሞተ ነገር ምን ያወራል ብላ አለፈችው። ኤዩምም በሕይወት ሳሉ ቁጥሩ ሁሌም ልዩ ነው፣ እሱን አትንኪው ብለዋት ነበር። አልነካችውም።

በዚህ መሃል አንድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ከወደብ ዕቃ የሚያመጣላት የሞተር ብስክሌት ነጂ ነበር፤ ከሰሜን፣ ከጋሩዋ የመጣ፣ ለከተማው አዲስ፤ ስሙ ቡባ።

«ማዘር፣ ዳቦ ቤቱን አጣሁት።»

«አሁን የት ነህ?»

«ፍራሽ ሱቅ በር ላይ።»

«እሱ ነው ዳቦ ቤቱ።»

«ማዘር፣ በስብሻለሁ። ቀልድ ይቅር።»

ጃንጥላዋን ይዛ ወረደች። ቡባ እውነትም በስብሷል፤ ዕቃውን በላስቲክ ጠቅልሎ ራሱን ለዝናብ ሰጥቶታል። አሳዘናት። ዳቦ ቤቱ እሷ ትምህርት ቤት ሳለች እዚህ ጋ እንደነበር፣ ከትምህርት ስትመለስ ትኩስ ዳቦ ትገዛ እንደነበር፣ በኋላ እንደፈረሰ ነገረችው። እሱ አልተዋጠለትም። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞሯል፤ የጠየቀው ሰው ሁሉ ዳቦ ቤት፣ ዳቦ ቤት ብሎታል።

«የፈረሰ ቤት እንዴት አድርጎ መንገድ ያሳያል?» አላት፤ ተቆጥቷል።

«ቤቱ ነው እንጂ የፈረሰው፣ ቦታው የት ይሄዳል?» አለችው።

ከዚያ ዓይኗ ፍራሽ ሱቁ ላይ ተተከለ። ጃንጥላው ዘንበል ብሎ ውኃው አንገቷ ላይ ሲወርድ አላወቀችም። ቡባ የተቆጣች መስሎት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። እሷ ግን ጃንጥላዋን እጁ ላይ ትታለት ደረጃውን ወጣች፤ ያ ጃንጥላ እስከዛሬ ጋሩዋዊው ዘንድ ነው።

በርቲን እርጥብ እንደሆነች ኮምፒውተሩ ላይ ስትወድቅ አይቶ ፎጣ ፍለጋ ሄደ። እሷ የኤዩምን መስመር ፈለገች፤ የጥሪ ቁጥሩ የሚሠራበትን። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። ቁጥሩ ከየትም የመጣ ቁጥር አልነበረም። ኤዩም ጥሪው የሚመዘገብበትን ሰንጠረዥ አድራሻ ወስደው፣ ከፊቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆኑትን አኃዞች ቆርጠው፣ ከኋላው ሁልጊዜ ባዶ የሆኑትን ቆርጠው፣ መሃሉን ትተውታል። ሰንጠረዥ ከሰንጠረዥ ስለማይደራረብ ቁጥሩ ልዩ ነው፤ አጭር ስለሆነ አጥማጅ በሬዲዮ ሊጠራው ይችላል። ጎበዝ ዘዴ ነበር። የተቆረጡትን መልሶ መቀጠል ደግሞ ለማንም ሕፃን አይከብድም። ጥሪው አልቋል፣ ሰንጠረዡ ተዘግቷል፤ ቦታው ግን የት ይሄዳል?

ኤዩም «አንሲየን» ያሉት «የቀድሞው» ለማለት አልነበረም። እንደ ዱዋላ ሰው ነው ያሉት። ሣጥን ውኃ ገብቶባት ስትመለስ፣ ከውስጧ የተዘረገፈውን ቁጥር ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው መንገዳቸውን የሚያገኙት ከዚያች ረድፍ ነበር። ከአንሲየኑ ተነስተህ ይህን ያህል ወደላይ፣ ከዚያ ይህን ያህል ወደ ጎን። ያን ጊዜ ከርነል ቦታ መቀየር አልጀመረም፤ መደበቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ለራሳቸው የተከሉት ምልክት ነበር። ሌኦካዲ ይህን ሁሉ ዓመት ከድሮው ዳቦ ቤት ጀርባ ሠርታ ይህን ቃል ኮዱ ውስጥ ስታየው እንደ መዝገበ ቃላት አነበበችው። በራሷ ተናደደች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀች፤ ያ የጠፋው ሳቅ ከፎቅ ወርዶ መንገዱን ተሻገረ።

አረጋገጡት። ሣጥኗን ደጋግመው አስነሱ፤ ከርነሉ በየጊዜው ሌላ ቦታ ተቀመጠ፣ ከአንሲየኑ ያለው ርቀት ግን በየጊዜው ያው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ጥሪዎቹ እንደ ሰው ልጅ ከአንድ ጀምረው ይቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሰንጠረዡ ቦታ ጓዳ ይቅር። በርቲን ምሳ ሳይበላ ጻፈው፤ ሠራ።

ያኔ ነው ሌላው ችግር የመጣው። በዚህ ሙያ ውስጥ ደንብ አለ፤ ስህተት ያስተካከለ ሰው ከማስተካከያው ግርጌ ስህተቱ በየትኛው ለውጥ እንደገባ አንዲት መስመር ይጽፋል። ያን ለውጥ የከፈተ ሁሉ የሠራውን ሰው ስም ያያል፤ ዓለም ያየዋል፣ አይፋቅም። ይህን ለውጥ የሠሩት ደግሞ ኤዩም ናቸው። ሌኦካዲ መስመሯን ጀምራ አጠፋቻት። ሰውየው ተነስተው እንዲህ ነበር፣ ጊዜው እንዲያ ነበር ብለው አይመልሱ።

በርቲን መላ አመጣ። «ታታ፣ ለምን ‹ቁጥር ማሳመር› ብለን ዝም ብለን አንልከውም? መስመሯን እንተዋት። ማን ያውቃል?»

ፈተናት። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የፈተናት። ግን ያቺ መስመር እንዲያው ለወቀሳ አይደለም የምትጻፈው። የቆዩ ከርነሎችን የሚንከባከቡ ሰዎች አሉ፤ እነሱ የትኛው ማስተካከያ ወደ የትኛው አሮጌ ከርነል መውረድ እንዳለበት የሚያውቁት በዚያች መስመር ነው። መስመሯ ከሌለች ማስተካከያው አዲሱ ከርነል ላይ ብቻ ይቀራል። አሁን ባሕር ላይ ያሉት ሣጥኖች በሙሉ የቆየውን ነው የያዙት። የኤክዋላም ጭምር። የአባትየውን ስም ከሸሸጉ ቀዳዳው ልጁ ታንኳ ላይ ይቀራል። ሌኦካዲ ቦርሳዋን አንስታ ዩፕዌ ሄደች።

የኤዩም ሚስት ማማ ንዶሎ ወደቡ ዳር ዓሣ ይጠብሳሉ። ሌኦካዲን ሲያዩ ሳይጠይቁ አንድ ባር የሚባል ዓሣ ፍሙ ላይ ጣሉላት፣ በቅጠል የተጠቀለለውን የካሳቫ ጥቅል፣ ሚዮንዶውንም፣ ፈቱላት። ከነቃሪያው ቀረበላት። አልበላ አላት። ማማ ንዶሎ ዓይናቸውን ከፍሙ ሳያነሱ ምን ሆነሻል አሏት፤ አንቺ ዓሣ ትተሽ አታውቂም።

ነገረቻቸው። ጓዳውን፣ ሌባውን፣ አንሲየኑን፣ ያቺን መስመር። ሌላ ሰው ቢሆን ግማሹ አይገባውም ነበር፤ እሳቸው ግን ከኤዩም ጋር ሠላሳ ምናምን ዓመት ራት በልተዋል፣ ሌላ ወሬም አልነበራቸውም። ፍሙን እያራገቡ ሰሙ። አንዴ ብቻ፣ ኤክዋላ ሲነሳ፣ ማራገቢያቸው ቆመ።

«እሱ በሕይወት ሳለ ስህተቱን ትነግሪው ነበር?» አሏት።

«እነግራቸው ነበር።»

«ይቆጣ ነበር?»

«አቤት፣ እንዴት ይቆጡ ነበር እንጂ። አንዴ ብረቱን ወርውረውብኛል።»

«ከዚያስ?»

ሌኦካዲ አሰበች። «ከዚያማ ያስተካክሉት ነበር።»

ማማ ንዶሎ ዓሣውን ገለበጡ። «እንግዲህ አሁን የሱ እጅ የለም። ያንቺ አለ። ጻፊው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ልጄን ባሕር ላይ ትቼ የሞተ ሰው ስም ልጠብቅ እንዴ?» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ፣ በጭሱ አመካኙ።

ሌኦካዲ ዓሣውን በላች። ጣቶቿን ሳይቀር።

በነጋታው ማስተካከያው ሄደ፤ መስመሯም ሄደች። ሌኦካዲ ከመስመሯ በላይ ኮዱ የተጻፈው ከርነል ቦታ መቀየር ሳይጀምር እንደነበር፣ ያኔ ይህ ስህተት እንዳልነበረ አክላ ጻፈች። ይህ ማዳላት አይደለም፤ እውነት ነው። ሃልቮር ያን ስሙን የደበቀ ሰው እንደገና ሞከረው። ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ዝም አለ፣ በሁለተኛውም ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ ብቅ አላለም።

ሃልቮር ግን አንድ ነገር ጠየቀ። ረድፉ ከእንግዲህ ተራ ቁጥር ነው የያዘው፤ ታዲያ ይህ «አንሲየን» የሚባል ለማንም የማይገባ ስም ለምን ይቆያል? ረድፉ ጭራሽ ይውጣ፣ ካልሆነም በግልጽ ቃል ይተካ አለ። በርቲን ለመለወጥ እጁን ሰነዘረ፤ ሌኦካዲ እጁን መታችው። ሃልቮር ራሱ ባለፉት ዓመታት ስንቴ እንደመለሰባት አስታወሰች፤ የዚህ ቤት ትልቁ ሕግ ለፕሮግራሞች አንዴ የተሰጠ ነገር አይነጠቅም የሚል ነው። እሷ አንዴ የባትሪውን ረድፍ ስም ልታሳምር ብትሞክር በዚሁ ሕግ አሳፍሮ መልሷታል። ባሕር ላይ ያሉት ፕሮግራሞች በሙሉ «አንሲየን» ብለው ነው የሚያነቡት፤ ረድፉ ቢጠፋ ጣቢያው ጥሪ መለየት ያቅተዋል። ይህንኑ ጻፈችለት፣ በራሱ ቃል፣ እየተደሰተች።

መልሱ አጭር ነበር። ልክ ነሽ፣ ይቆይ አለ። ቀጥሎም ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃት። «የሌለ ነገር ይዘን የምንፈልገውን የምናገኝበት ቃል ነው፤ አንድ ቀን ከመጣህ ቢሮዬን የምታገኘው በሱ ነው» ብላ ጻፈችለት። «ጥሩ ነው» አለ ሃልቮር። በርቲን ኬክ ሊገዛ ወረደ።

ማስተካከያው ወደ ቆዩት ከርነሎች ወርዶ ዩፕዌ ሲደርስ ዝናቡ ማባራት ጀምሮ ነበር። ሣጥኖቹ አንድ በአንድ ታደሱ። ኤክዋላ ታንኳውን ገፍቶ ወጣ፤ ቁመቱ የአባቱ፣ ትከሻው የእናቱ ነው። ሲወጣ ለሙከራ እንዲጣራ ተነግሮታል። ሌኦካዲ ጣቢያው ካዋሳት ሬዲዮ ጋር ማማ ንዶሎ ፍም አጠገብ ተቀመጠች። ሁለቱም ዓይናቸውን ከውኃው አልነቀሉም። ታንኳው አነሰ፣ አነሰ፣ ከዚያ ከሌሎቹ መለየት አቃታቸው።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ታታ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ። ከየት ተነስተን?» አለችው፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። ይህን ጥያቄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ነው ያደገው። «አንሲየን፣ አንድ» አለ ኤክዋላ።

ማማ ንዶሎ ማራገቢያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ቃሉ የባላቸው ነው፣ ድምፁ የልጃቸው።

«ይህ ቁጥር ከእንግዲህ ለሌባ ምንም አይናገርም ነው ያልሽኝ?» አሉ።

«ምንም አይናገርም።»

«ደግ። ለእኔ ግን ተናግሯል» አሉና ዓሣውን ሊያገላብጡ ጎንበስ አሉ።